ስማርት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ደሴ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሥራዬ የመብራት መስመር መዘርጋትና ካሜራ መግጠም ነው። የምውለው ደሴ ነው፤ ሥራ ሲገኝ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ድሮ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ገመድ ውፍረትና ስለ ብሬከር ነበር። አሁን በስልክ የሚበራ አምፖል ይዞ ይመጣና «ይኼ ከዚያኛው ጋር ይግባባል ወይ?» ይለኛል። ጥያቄው ስለበዛብኝ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። መልሱ የሚጀምረው ክፍት ስታንዳርድ ከሚባለው ነገር ነው።

ክፍት ስታንዳርድ ሲባል ምኑ ነው የተከፈተው?

ደንቡ ነው የተከፈተው። ዕቃዎቹ እርስ በርስ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ የሚናገረው ሰነድ ለማንም ይታያል። የፈለገ አምራች አንብቦ በዚያው መሠረት መሥራት ይችላል።

የቀጭን ፒን ቻርጀር ዘመን ትዝ ይላችኋል? ሰው ቤት ሄደን ገና ቡናው ሳይቀርብ «ቀጭን ፒን አላችሁ?» እንል ነበር። ባለቤቱ ያለው ወፍራም ፒን ከሆነ ስልካችን እንደጠፋ ያመሻል። ዛሬ ታይፕ ሲ ከማንም ተውሰን እንሰካለን። የአውሮፓ ኅብረት እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲኖረው በሕግ አስገድዷል። የአምፖል ጥምዝም እንደዚያው ነው። 27 ሚሊሜትር የሆነው ጥምዝ ከየትኛውም ፋብሪካ ይውጣ፣ እናንተ ቤት ይገባል።

ስማርት ዕቃ ላይ ገና እዚያ አልደረስንም። ብዙው ዕቃ የሚያወራው ከገዛ ኩባንያው አፕ ጋር ብቻ ነው። አምፖሉ አንድ አፕ፣ ሶኬቱ ሌላ አፕ፣ የበሩ ቁልፍ ሦስተኛ አፕ። ስልኩ በአፕ ይሞላል፤ ቤቱ ግን አይግባባም።

ክፍት ከሆነ ነፃ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ለምሳሌ ማተር የሚባለውን ስታንዳርድ ሰነዱን ማንም ያነባል፣ የፕሮግራሙንም ኮድ ማንም አውርዶ ይጠቀማል። ዕቃው ላይ ምልክቱን ለመለጠፍ ግን አምራቹ ማስፈተንና መክፈል አለበት። ለእኛ ለገዢዎቹ ጥቅሙ ዋጋው ላይ አይደለም። ነገ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስንጨምር የድሮውን አንጥልም።

ታዲያ ማተር ምንድን ነው?

አማዞን፣ አፕልና ጉግል ዚግቢ አልያንስ ከተባለ የአምራቾች ማኅበር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የጀመሩት የጋራ ቋንቋ ነው። በገበያ የሚናከሱ ድርጅቶች አንድ ማዕድ መቅረባቸው ብቻውን የሚገርም ነው። ማተር የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የመጀመሪያው ስሪት በኦክቶበር 2022 ወጣ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማተር የሬዲዮ ዓይነት አይደለም። ቋንቋ ነው። ቋንቋው የሚሄድበት መንገድ ዋይፋይ ሊሆን ይችላል፣ የኔትወርክ ገመድ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ትሬድ የሚባለው አነስተኛ ኃይል የሚበላ ሬዲዮ። ስለዚህ «ማተር ነው» ተብላችሁ ከገዛችሁ በኋላ «በየትኛው መንገድ?» ማለትም አለባችሁ። ትሬድ ከሆነ ከቤታችሁ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው መግቢያ ዕቃ ለብቻው ያስፈልጋል። ያንን ሳይነግሩ የሚሸጡ ሞልተዋል።

በማተር የምወደው ነገር አንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ጌታ እንዲኖረው መፍቀዱን ነው። ወንድሜ አይፎን ነው የያዘው፣ እኔ አንድሮይድ። ሳሎን ያለችውን ሶኬት እሱም በራሱ አፕ፣ እኔም በራሴ አፕ እናጠፋታለን። በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ሰላም ሆኗል።

አንድ ማሳሰቢያ። ዕቃው ላይ ኪውአር ኮድና 11 አሃዝ ቁጥር ተለጥፎ ይመጣል። ዕቃውን ግድግዳ ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት ኮዱን ፎቶ አንሱት። ያለ እሱ እንደገና ማስገባት አይቻልም። አንድ ጊዜ ለዚህች ቁራጭ ወረቀት ስል የቀባሁትን ግድግዳ እንደገና ከፍቻለሁ።

ዚግቢስ? እሱ ጊዜው አላለፈበትም?

አላለፈበትም። ዚግቢ ስማርት ዕቃዎች በአነስተኛ ኃይል የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ደንብ ነው። የዚግቢ አልያንስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስሙ የተወሰደው ንብ አበባ አግኝታ ወደ ቀፎ ስትመለስ ከምትጨፍረው ጭፈራ ነው። በጭፈራዋ አበባው የት እንዳለ ለሌሎቹ ትነግራቸዋለች። ዕቃዎቹም እንዲሁ መልእክት ይቀባበላሉ። ጓዳ ያለው ሴንሰር (ለውጥን የሚለይ ትንሽ ዕቃ) ሳሎን ድረስ ድምፁ ባይደርስ፣ መሀል ያለው ሶኬት ይቀበልለትና ያሳልፍለታል። ወሬ ከጎረቤት ጎረቤት እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መንገድ ላይ አይጨመርበትም።

ዋይፋይ ብዙ ባትሪ ይበላል። ዚግቢና ትሬድ በሰዓት ባትሪ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሠራ የበር ሴንሰር እንዲኖር አስችለዋል። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሬዲዮ ነው።

እዚህ ግን የእኛ አገር ጣጣ ይገባል። መልእክት የሚያሳልፉት በመብራት የሚሠሩት ዕቃዎች ናቸው፤ ባለ ባትሪዎቹ የራሳቸውን ብቻ ተናግረው ይተኛሉ። መብራት ሲሄድ አሳላፊዎቹ ሁሉ ይሞታሉ። ሴንሰሩ ባትሪ አለው፣ ግን የሚሰማው የለም። ስለዚህ መብራት በሌለበትም እንዲሠራ የምትፈልጉት ሴንሰር ካለ በቀጥታ ወደ ዋናው መቀበያ (የዕቃዎቹን መልእክት ሰብስቦ ለስልካችሁ የሚያደርሰው) በሚደርስበት ቦታ አድርጉት። ሌላው ጠላት እናት ናት። እናቴ ከመተኛቷ በፊት ማጥፊያውን ሁሉ ከግድግዳው ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። አሳላፊው አምፖል አብሮ ይጠፋል። በአሳላፊነት ሶኬት ይሻላል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል?

ይቺን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ያናድደኛል። እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ስለገዛሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት የዋይፋይ አምፖል ገዛሁ። የማን እንደሆነ ይቅር። በጣም ያምሩ ነበር፤ ቀለም ይቀይራሉ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬን ስነካ ትእዛዙ መጀመሪያ ባሕር ተሻግሮ የኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ይደርሳል። ከዚያ ተመልሶ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን አምፖል ያበራል። ይኼን ያወቅሁት ኔትወርክ የጠፋ ቀን ነው። ራውተሩ በርቷል፣ አምፖሉ በርቷል፣ ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ ግን አይታዘዝም። በኋላ ደግሞ ኩባንያው አገልግሎቱን ጨርሶ ዘጋው። አምፖሎቹ እስካሁን ይበራሉ፣ በግድግዳው ማጥፊያ። በስማርት ዋጋ የተገዙ ተራ አምፖሎች ሆኑ።

ማተር፣ ዚግቢ፣ ትሬድ የሚሠሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ስልካችሁም ዕቃውም እዚያው ግቢ ካሉ ትእዛዙ ከግቢ መውጣት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው መጀመሪያ አፑን ስታወርዱ፣ ማሻሻያ ሲመጣና ከሩቅ ሆናችሁ ማዘዝ ስትፈልጉ ነው። ለምሳሌ ኮምቦልቻ ሆናችሁ የደሴውን ቤት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሻጩ ዕቃውን በራውተሩ ያገናኝላችሁ። ከዚያ ወደ ራውተሩ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ይንቀለው፤ ዋይፋዩን ግን አያጥፋው። የስልካችሁንም ዳታ አጥፉ። አሁን አምፖሉን ለማብራት ሞክሩ። ከበራ ይገዛል። «ትንሽ ጠብቅ፣ ኔትወርኩ ነው» ማለት ከጀመረ መልሱን አግኝታችኋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። እኛ ቤት አምስቱም አምፖል በሙሉ ጉልበቱ በራ። ልጅ ተነሳ፣ ሚስቴ ተነሳች፣ የጎረቤት ውሻ ተነሳ። ስማርት አምፖል ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ «መብራት ሲመለስ ብራ» ተብሎ ነው የሚመጣው። መብራት አልፎ አልፎ በሚጠፋበት አገር ችግር የለውም። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ መቀየር ያለበት ይኼ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «እንደነበረ ይቆይ» አድርጉት። የዚግቢም የማተርም ደንብ ይኼን ምርጫ ያውቀዋል፤ አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ግን አፑ ላይ አያሳየውም። እሱንም ሱቅ ውስጥ ጠይቁ።

ራውተሩንና መቀበያውን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ አድርጓቸው። ሁለቱ የሚበሉት ኃይል ጥቂት ነው። መቀበያችሁ በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ዩፒኤሱ ግዴታ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለበት ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

የሮቶዬን ውሃ መጠን በስልክ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ከሠራሁት ሁሉ ሰው በጣም የወደደው ይኼንን ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ወይም ባዶ ሲሆን ማወቅ ቁም ነገር ነው።

መጀመሪያ የገጠምኩት ጎረቤታችን እትዬ ጋ ነበር። የተጠቀምኩት ኢኤስፒ32 የምትባል የዋይፋይ ቺፕ ያለባት ትንሽ ሰሌዳና ውሃ የማያስገባ በድምፅ ርቀት የሚለካ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩን ክዳኑ ላይ ወደታች አድርጌ አሰርኩት። ድምፁ ወርዶ ውሃውን ነክቶ ሲመለስ ጊዜውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ርቀቱ ይታወቃል። እትዬ ከታች ቆመው ያዩኛል። «አንተ ልጅ፣ እኔ በዱላ ነካ ነካ ሳደርገው በድምፁ አውቀው የለ?» አሉኝ። «አብሽር እትዬ፣ ዱላውም አይቀርም» አልኳቸው።

እውነትም ለመጀመሪያው ሳምንት ዱላው በለጠኝ። ሮቶው ሲሞላ ቁጥሩ ይሳከራል። ለካ ይኼ ሴንሰር ከ20 ሴንቲሜትር በታች ሲጠጉት አያይም። በቁራጭ ቱቦ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድ ጤዛው ሴንሰሩ ፊት ላይ ጠብ ብሎ ይቀመጣል፤ «ሙሉ ነው» ይላል። ትንሽ ዘንበል ሳደርገው ተወ። ሦስተኛው ችግር ቆርቆሮው ነበር። ራውተሩ ቤት ውስጥ፣ ሴንሰሩ ከጣሪያው በላይ፣ መሀል ላይ ቆርቆሮ። ብረት ሬዲዮ አያሳልፍም። ራውተሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁትና ተገላገልን።

ሴንሰሩ ቁጥሩን የሚልክበት ደንብ ኤምኪውቲቲ ይባላል። እሱም ክፍት ስታንዳርድ ነው። አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የሠሩት በረሃ ውስጥ የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል ነው። ሳተላይቱ ውድ፣ መስመሩም ቀጭን ስለነበር መልእክቱ እጅግ አጭር እንዲሆን ተደረገ። ለእኛ ኔትወርክ የተሠራ ይመስላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መሀል ላይ አንድ ብሮከር አለ፤ በእኛ ቋንቋ ደላላ ማለት ነው። ሴንሰሩ «የሮቶው ውሃ 60 በመቶ» ብሎ ለደላላው ይነግራል። ይኼን ወሬ የፈለገ፣ ስልክም ይሁን ፓምፕ፣ ደላላው ጋ ይመዘገብና ይሰማል። ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም። ኮሚሽንም የለም።

ደላላውንም ሁሉንም የሚያስተዳድረውን ፕሮግራምም ቤት ውስጥ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ወይም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ የምጠቀመው ሆም አሲስታንት የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። ዚግቢንም ማተርንም ኤምኪውቲቲንም አንድ ላይ ያነጋግራል።

አክስቴ ከአሜሪካ ስማርት ሶኬት ላከችልኝ። ልሰካው?

ቆዩ! መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። «100-240» ካለ ቮልቱን ይችላል፤ አስማሚ ብቻ ያስፈልገዋል።

ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ከእኛው ጋር ይስማማል፤ ችግሩ እግሩ ነው። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ርካሽ አስማሚ ላይ ከባድ ዕቃ አትስቀሉ።

ሬዲዮውም አገር አለው። ዚግቢ፣ ትሬድና ብዙው ስማርት ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ይኼ የትም አገር ያው ነው። ዚ-ዌቭ የሚባለው ሌላ የስማርት ዕቃ ሬዲዮ ግን የአሜሪካው 908 ሜጋኸርዝ፣ የአውሮፓው 868 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ከሁለቱ አገር የመጡ ዕቃዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም አይሰማሙም።

ዋይፋይ አምፖሉ «ኔትወርክ አላገኘሁም» ይለኛል።

ብዙ ጊዜ ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ነው። 2.4 ላይ አድርጉት።

ምጣዱን በስማርት ሶኬት ልቆጣጠር?

አይሆንም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ብዙዎቹ ስማርት ሶኬቶች 10 አምፔር ናቸው፤ በ220 ቮልት 2200 ዋት ብቻ ማለት ነው። ሶኬቱ ይቀልጣል። ካርድ ቆጣሪው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ለማወቅ ከሆነ ግን ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና የውሃ ማሞቂያ ጀበናውን እየቀያየራችሁ ለክታችሁ እዩ። ኃይል የሚለካ ስማርት ሶኬት እሱ ላይ ጎበዝ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ በስማርት ልቀይር?

ክፈቱና ገመዱን ቁጠሩ፤ ብሬከሩን ካወረዳችሁ በኋላ ማለቴ ነው። በብዙ ቤት ወደ ማጥፊያው የሚወርዱት ሁለት ገመዶች ናቸው፦ የሚገባው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው። ኒውትራል የሚባለው ሌላው መስመር ከላይ ከስካቶላው (ገመዶች ከሚገናኙበት ሳጥን) በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዷል። አብዛኛው ስማርት ማጥፊያ ግን ለራሱ ኃይል እንዲያገኝ ኒውትራል ይፈልጋል። ወይ ያለ ኒውትራል የሚሠራውን ዓይነት ግዙ፣ ወይ የማጥፊያውን ሥራ የምትሠራ ትንሽ ሞጁል ስካቶላው ውስጥ አስገቡ። አዲስ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ብሎኬቱ ሳይለሰን ሦስተኛ ገመድ አስወርዱ። ያኔ የሚወጣው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው።

ለሱቄ ካሜራ ልግጠም። ከየትኛው ድርጅት ይሻላል?

የድርጅት ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ኦንቪፍ ይደግፍ እንደሆነ ጠይቁ። አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት የካሜራ ስታንዳርድ ነው። የአንዱን ድርጅት ካሜራ የሌላው መቅጃ እንዲቀበለው ያደርጋል። ካሜራ ወደ ማተር የገባው ገና በ2025 መጨረሻ በ1.5 ስሪት ነው። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ የሚጠቅማችሁ ኦንቪፍ ነው።

አራት ካሜራ ኖሮት አንዱ የተበላሸበት ባለሱቅ፣ ያው ዓይነት ካሜራ ከገበያ ስለጠፋ አራቱንም እንዲቀይር ሲመከር አይቻለሁ። ቅንብሩ ውስጥ ስገባ ለካ ኦንቪፍ ተዘግቶ ኖሯል። ብዙ ካሜራ ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ከፍታችሁ ለብቻው ስምና የይለፍ ቃል ትሰጡታላችሁ። የሌላ ድርጅት ካሜራ ገጠምንለት፤ ምስሉ መጣ። እንቅስቃሴ ሲያይ መጮሁ ግን አልመጣም። ኦንቪፍ ምስሉን ያግባባል፣ የየድርጅቱን ልዩ ሙያ ሁሉ አያሻግርም።

ሌባ በኢንተርኔት ቢገባብኝስ?

ስጋቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው እየገባ ሰበሰባቸው። በኦክቶበር 21 ቀን አንድ ትልቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪን አጨናነቁበትና ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው ጠፉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ማተር በዚህ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የምስክር ወረቀት አለው፣ ንግግሩም ተመስጥሮ ነው የሚሄደው።

በአማርኛ ማዘዝ ይቻላል?

በድምፅ የሚታዘዙት አሌክሳም ሲሪም አማርኛ አይገባቸውም። እኔ ከነጭራሹ ባይናገሩ እመርጣለሁ። ሲመሽ ራሱ የሚበራ የበረንዳ መብራት ማዘዝ አያስፈልገውም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ይኼ ሁሉ ለእኛ ይሆናል?

ለእናንተ ሌላ ሰፈር ነው። ማሽኖቻችሁ ምናልባት በሞድበስ እየተነጋገሩ ይሆናል። ሞዲኮን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ደንብ ነው፤ አርጅቷል ግን ይሠራል፣ ክፍትም ነው። በቦርከና ዳር ላለ እርሻ ደግሞ ሎራዋንን እዩ። ትንሽ መረጃ በኪሎሜትሮች ርቀት በባትሪ ይልካል። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት የተፈቀደውን ሞገድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አጣሩ።

ተከራይ ነኝ። ቤቱን ስለቅ ምን ላድርግ?

ግድግዳ አትንኩ፤ አምፖል፣ ሶኬትና የሚለጠፍ ሴንሰር ይበቃችኋል። ሁሉም ነቅላችሁ የምትሄዱት ነው። ትታችሁ የምትሄዱት ካለ ግን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሱት፤ ቁልፉን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። እኔ ከነበርኩበት ቤት ስወጣ በሩ ላይ የለጠፍኳትን ሴንሰርና መቀበያዋን ለአከራዬ ብዬ ተውኩላቸው፣ ከስልኬ ሳላጠፋ። አዲሱ ተከራይ ሌሊት በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮህ ጀመር። ሁለት ሳምንት ታገስኩና ደወልኩላቸው። «ልጁ ያመሻል ወይ?» አሉኝ አከራዬ። አልነገርኳቸውም፤ ሴንሰሯን ብቻ እንዲያነሱ አስረዳኋቸው።